ድንበር ሳይሻገሩ ስለ ራቁት የጉንችሬ ልጆች

«ዳያስፖራ» የሚለው ባዕድ ቃል በአገራችን ከተለመደ ወዲህ ትርጉሙ እየጠበበ ሄዶ፣ ዛሬ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣውን እየገፋ የሚወጣ፣ ኪሱ የውጭ ምንዛሪ የያዘ ሰው ማለት ብቻ ሆኗል። ቃሉን የሰማ ሁሉ ዋሽንግተንን፣ ሪያድን፣ ጆሃንስበርግን ያስባል። ከጉንችሬ ተነሥቶ መርካቶ የገባውን፣ በዚያም ወልዶ የልጅ ልጅ ያየውን ሰው ግን በዚህ ስም የሚጠራው የለም። ፓስፖርት አላወጣማ! ቪዛ አልለመነማ! በገዛ አገሩ ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ሄደ እንጂ ምን አደረገ?

ይህ አቆጣጠር ለኬላ ጠባቂ ይበቃው ይሆናል። ለመምህር፣ ለባህል ሠራተኛና ለኪነ ጥበብ ሰው ግን አይበቃም። ለእነዚህ የርቀት መለኪያው የልጅ ልጅ ከአያቱ ጋር የሚነጋገርበት ቋንቋ ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ ከጉንችሬ እስከ መርካቶ ያለው መንገድ አያሌ ባሕር ተሻግረው ከሄዱት መንገድ የሚረዝምበት ጊዜ አለ።

ነገሩ ይበልጥ እንዲጠራ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ማምጣት ይጠቅማል። የአዘርባይጃን ሕዝብ በዓለም ተበታትነው ከሚኖሩት ሕዝቦች አንዱ ነው። በሩሲያ፣ በቱርክ፣ በጆርጂያ፣ በጀርመን ወገኖቹ አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ክፍሉ ግን ከስፍራው ንቅንቅ ሳይል ነው ከወገኑ የተለየው። እ.ኤ.አ. በ1813 እና በ1828 ሩሲያና ፋርስ በተዋዋሉት ውል የአራስ ወንዝ ድንበር ሆነና ሕዝቡ ከሁለት ተከፈለ። ዛሬም በኢራን የሚኖሩት አዘሪዎች በስማቸው በተጠራው ሪፐብሊክ ከሚኖሩት በቁጥር ይበልጣሉ። በሰሜኑ ክፍል ደግሞ በአንድ ምዕት ዓመት ውስጥ ፊደሉ ሦስት ጊዜ ተለወጠ፤ ከዐረብኛው ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ ሲሪሊክ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 ወዲህም ተመልሶ ወደ ላቲን። ደቡቡ በዐረብኛው ፊደል ጸና። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ወንድማማቾች ሲገናኙ ይግባባሉ፤ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ግን አንዱ የሌላውን ማንበብ ተሳነው።

በዚህ መካከል የታብሪዙ ባለቅኔ ሻህሪያር ተነሣ። በፋርስኛ ግጥሙ ስሙ ከገነነ በኋላ እናቱ የጻፈውን እንደማትረዳው ነገረችው ይባላል። እሱም ባደገበት መንደር አጠገብ ላለው ለሃይደር ባባ ኮረብታ በእናቱ ቋንቋ ረጅም የሰላምታ ግጥም ጻፈ። ግጥሙ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከታተመ በኋላ የመንግሥታቱ ዘበኞች ሊያግዱት በማይችሉት መንገድ ወንዙን ተሻግሮ በሁለቱም ዳርቻ በቃል ተጠና። ሻህሪያር እ.ኤ.አ. በ1988 እስኪያርፍ ድረስ ፋርስኛውን አልተወም፤ ትልቅነቱ ሁለቱንም ቋንቋዎች በሚገባቸው ስፍራ ማስቀመጡ ነው።

አዘሪው እግሩን ሳያነሣ ድንበር መጣበት፤ የጉንችሬው ልጅ ደግሞ ድንበር ሳይኖርበት እግሩን አነሣ። ሁለቱም የተጎዱት ግን በአንድ ብልት፣ በአንደበታቸው ነው።

ጉንችሬ በጉራጌ ዞን፣ በእነሞርና ኤነር ምድር ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወልቂጤ የደረሰ መንገደኛ በእምድብር በኩል አልፎ ይደርስባታል። ዙሪያዋ እንሰት ነው። «ጉራጌ በተፈጥሮው ነጋዴ ነው» የሚለውን ተረት ለሚደጋግሙ ሁሉ መልሱ ያለው ከዚህ እንሰት ሥር ነው። እንሰት ጥቂት መሬት ብዙ ሕዝብ እንዲመግብ ያስችላል። ከተተከለ በኋላ ዓመታት ይጠብቃል፤ ድርቅን ይታገሣል። ሥሩን መቆፈርና ችግኙን ማዛወር የወንድ፣ መፋቁና ቆጮ ማድረጉ በልማድ የሴት ሥራ ነው። ስለዚህ ባል ለወራት ቢርቅ ቤቱ አይራብም። መሬቱ ግን ለወንዶች ልጆች ሁሉ አይዳረስም። በዚህ ላይ በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ የመሩት ተጋድሎ በምኒልክ ጦር ከተሰበረ በኋላ ገባርነትና ግብር መጣ። ግብሩ ጥሬ ገንዘብ ጠየቀ፤ ጥሬ ገንዘብ የሚገኘውም በአዲሲቱ ከተማ ነበር። የአዲስ አበባ ግንብ ሲገነባ፣ ጉድጓዱ ሲቆፈር፣ ሸክሙ ሲጫን የጉራጌ ትከሻ የተገኘው በነጋዴነት ፍቅር አይደለም። በአድዋ ጦርነት በመድፈኛነቱ የገነነው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ እንኳ ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ተማርኮ ነው።

ንግዱ ኋላ የመጣ ነገር ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ሕዝብ ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ወሰደው። ከነጻነት በኋላ በዐረቦችና በሌሎች የውጭ ነጋዴዎች እጅ የነበረው የችርቻሮ ንግድ ቀስ በቀስ ወደ ጉራጌው ተላለፈ። ከሸክም ወደ ሱቅ በደረቴ፣ ከሱቅ በደረቴ ወደ ጉልት፣ ከጉልት ወደ ሱቅ የተወጣው ደረጃ እያንዳንዱ በዕቁብ የተደገፈ፣ በአገር ልጅ ዋስትና የቆመ ነበር። ይህን ደረጃ የወጣ ትውልድ ታሪኩ ለልብ ወለድ፣ ለተውኔት፣ ለፊልም የማይነጥፍ ምንጭ ነው።

የኪነ ጥበብ ሰዎቻችን ከዚህ ምንጭ ምን ቀዱ? አነጋገሩን ቀዱ! ለአሥርተ ዓመታት በመድረክ፣ በሬዲዮ፣ በኋላም በቴሌቪዥን የጉራጌ ገጸ ባሕርይ ሲመጣ ተመልካቹ አስቀድሞ ለመሳቅ ይዘጋጃል። ገጸ ባሕርዩ ሊስትሮ ወይም ቆራሌው ወይም ሳንቲም የሚቆጥር ባለ ሱቅ ነው። አማርኛው ተሰባብሯል፤ ሐሳቡ ከትርፍና ኪሳራ አያልፍም፤ ፍቅር አይዘውም፤ ሞት አያስጨንቀውም። ደራሲው ሌላ የሚያስቅ ነገር ሲያጣ «ጉራጌ» ያስገባል። ይህ የስንፍና ሥራ ነው። በሁለተኛ ቋንቋው የሚናገር ሰው ላይ መሳቅ፣ ሰውዬው በመጀመሪያው ቋንቋው ምን ያህል አንደበተ ርቱዕ እንደሆነ ለማወቅ ያለመፈለግ ምልክት ነው። በየጆካ ሸንጎ ቆሞ ነገር የሚፈታው፣ በለቅሶ ላይ የሟችን ታሪክ በግጥም የሚያወርደው ሽማግሌ መርካቶ ሲደርስ ለምን መሳቂያ ሆነ ብሎ የጠየቀ ተውኔት ጸሐፊ ስንት ነው?

ሊስትሮነቱም ቢሆን ሊያፍሩበት የሚገባ ታሪክ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1941 በአዲስ አበባ ከጉራጌ ቤተሰብ የተወለደው ማሕሙድ አሕመድ በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል። ያ ጫማ ጠራጊ ልጅ በኋላ የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ድምፅ ሆኖ ዓለምን ዞረ። በቀልደኞቻችን ሊስትሮ ውስጥ ማሕሙድን የሚያህል ሰው ሊኖር እንደሚችል ማን አሰበ?

መድረኩ ከዚህ የተሻለ ሊሠራ እንደሚችል ማስረጃ አለ። በጋብቻና በፍቺ ጉዳይ የሴቶች መብት እንዲከበር ከየጆካ ሽማግሎች ፊት ቆማ የተከራከረችው የቃቄ ወርድወት በብሔራዊ ቴአትር በሙዚቃዊ ተውኔት ስትቀርብ፣ ተመልካቹ ጉራጌን በንግድ ሳይሆን በሐሳብ ሲታገል አየ። ያም ተውኔት በአማርኛ የቀረበ ነው፤ መልካም ነው፤ የአማርኛ ቴአትር በዚህ ከበረ። ወርድወት ራሷ ትናገረው በነበረው ቋንቋ የሚቀርበው ቀን ደግሞ ገና አልመጣም። የወርድወት ስም ሲነሣ አንድ ነገር ጨምሮ ማለፍ ያሻል። ስለ ጉራጌ ፍልሰት የሚነገረው ሁሉ ስለ ሄደው ወንድ ነው። እንሰቱን እየፋቀች፣ ልጁን እያሳደገች፣ ቋንቋውን በአፏ ጠብቃ የቀረችው ሴት ግን በየትኛውም ዘፈን ጀርባ ላይ እንጂ ፊት ላይ አልታየችም። ስለ ጠንካራ ሠራተኝነት ሲወራም የጉራጌን ቤት ምሰሶና ጣራ በእጃቸው የሠሩት፣ ግን «ፉጋ» እየተባሉ ከመሬትና ከማዕድ የተገለሉት ባለ እጆች አይነሡም። ከተሜው ደራሲ በጉራጌው ላይ ከሳቀ፣ ጉራጌውም በእነዚህ ላይ የሠራውን መመርመር ይኖርበታል።

አሁን ወደ ቁጥር እንምጣ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአዲስ አበባ ከሚኖረው ሕዝብ ከመቶ 16 ያህሉ ብሔሩን ጉራጌ ሲል አስመዘገበ። ይህም በአገሪቱ ከተቆጠረው 1.87 ሚሊዮን ገደማ ጉራጌ ከአራቱ አንዱ ያህል በዋና ከተማዋ ይኖር ነበር ማለት ነው። በዚያው ቆጠራ ጉራጊኛን የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው ያለው የከተማዋ ነዋሪ ግን ከመቶ 8 ብዙም አላለፈም። ግማሹ የት ሄደ? ሰውየው አለ፤ ሱቁ አለ፤ ዕቁቡ አለ፤ እድሩ አለ። የጠፋው ቋንቋው ነው። ማንም አልከለከለውም፤ ማንም አልገረፈውም። ልጁ በትምህርት ቤት እንዳይሳቅበት ብሎ አባት ራሱ በቤቱ ውስጥ ዝም አለ። ከላይ የተነሣው የመድረክ ሣቅ ምን ያህል ውድ እንደሆነ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

የዚህ ማኅበረሰብ አቅም ትንሽ ቢሆን ኖሮ ዝምታው ሊታዘንለት ይችል ነበር። ነገር ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ ላይ በአዲስ አበባ የሚኖሩ ጉራጌዎች ማኅበር አቋቁመው፣ ከኪሳቸው ገንዘብ አዋጥተው፣ መንግሥትንም አስተባብረው ወደ አገራቸው መንገድ ያስወጡ ሰዎች ናቸው። በኢትዮጵያ ውስጥ ከተማ የገባ ሕዝብ ለገጠር ወገኑ በራሱ ተነሣሽነት ያን ያህል ሥራ የሠራበት ምሳሌ ጥቂት ነው። ከመንገዱ ቀጥሎ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያ፣ ውኃ መጣ። ማኅበሩም ስሙንና ቅርጹን እየለወጠ ወደ ልማት ድርጅትነት አደገ። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም መዋጮው ሲጠራ ስለ ድልድዩ ርዝመት የተጨቃጨቀው ጉባኤ፣ ስለ ቋንቋው መዝገበ ቃላት፣ ስለ ተረቱ፣ ስለ ለቅሶ ግጥሙ መታተም ስንት ሰዓት ሰጠ? መንገዱ ሰውን ከጉንችሬ አወጣ፤ ዕቃንም ወደ ጉንችሬ አስገባ። መጽሐፍ ያስገባበት ቀን ግን ጥቂት ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ ክርክር አለ። «የትኛው ጉራጊኛ?» ይላሉ። ቸሃው፣ እዣው፣ ሙኽሩ፣ መስቃኑ፣ ክስታኔው፣ የጉንችሬው እኖርኛ አንድ አይደሉም። ልዩነቱ እውነት ነው። እኖርኛ በአፍንጫ የሚወጡ አናባቢዎች አሉት፤ የቸሃ ሰው አይላቸውም። ማንነትም በግድ እንደማይጨፈለቅ የስልጤ ሕዝብ በ1993 ዓ.ም. በድምፁ አሳይቷል። ነገር ግን ይህ ክርክር የሚነሣው ቋንቋዎቹን ለመጻፍ በመጨነቅ ቢሆን ኖሮ ከትልቁም ከትንሹም አንዱ ይጻፍ ነበር። የሚነሣው ላለመጻፍ ነው። እነሞር ከሰባቱ ቤቶች አንዱ ነው፤ ሰባቱ ቤቶች በየጆካ ተሰብስበው በአንድ ቅጫ ሲተዳደሩ የአነጋገር ልዩነታቸው ሕግ ከመደንገግ አላገዳቸውም። ሕግ ለመደንገግ ያላነሰ ቋንቋ፣ ለአንድ ገቢር ተውኔት አነሰ ማለት ምን ማለት ነው?

ደግሞም ተሞክሯል። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የመጀመሪያ ሥራውን የጻፈው በቸሃ ነበር። ዓለም ያወቀው ግን ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መልሶት እ.ኤ.አ. በ1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት «የሽነጋ መንደር» በሚል ርእስ ሲወጣ ነው። እስቲ ይህን አንባቢ ያስተውለው። የጉራጌ ልጅ በጉራጌ ቋንቋ ስለ ጉራጌ መንደር ጻፈ፤ አንባቢ ያገኘው በካሊፎርኒያ ነው። ደራሲው ከዚያ በኋላ ወደ እንግሊዝኛና ወደ አማርኛ ቢዞር ማን ይወቅሰዋል? በአገሩ ቋንቋ የሚያነብ ሳይዘጋጅለት ብቻውን ምን ያደርግ ነበር?

ፊደል የለም የሚለው ሰበብም ዛሬ አይሠራም። የግዕዝ ፊደል ለጉራጌ ቋንቋዎች ድምፆች እንዲመች ተጨማሪ ሆሄያት ተቀርጸውለት፣ ሆሄያቱ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር የፊደል መለያ፣ በዩኒኮድ ውስጥ ስፍራ አግኝተዋል። አዘሪው ሦስት ጊዜ ፊደል ሲገለብጥ የጻፈውን ያህል፣ ጉራጌው በአንዱ በራሱ ፊደል አልጻፈም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ከፈቀደ በኋላም በጉራጌ ትምህርት ቤቶች ለአሥርተ ዓመታት ማስተማሪያው አማርኛ ሆኖ ቆየ። ፈቃድ ነበር፤ የሚጠይቅ ታጣ። ከተሜው ጉራጌ ልጁ ቶሎ ከተማ እንዲገባለት ስለፈለገ አልጠየቀም፤ የገጠሩም ከተሜውን አይቶ ዝም አለ።

ሌላው ወገን ደግሞ ፖለቲካውን ይፈራል። በእያንዳንዱ ቋንቋ ከተጻፈ አገር ይበተናል የሚል ካድሬ ዛሬም አልጠፋም። ይህ ሰው ኅዳር 29 በሚከበረው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ጉራጌው የባህል ልብስ ለብሶ፣ እግሩ መሬት እስኪጠፋው ድረስ ሲጨፍር ከሁሉ አስቀድሞ ያጨበጭባል። ጉራጌው እንዲጨፍር ይፈልጋል፤ እንዲናገር ግን አይፈልግም። ባህልን ከአንገት በታች ያለ ነገር ያደረገው ይህ አስተሳሰብ ነው። የጉራጌ ልጅ አማርኛን ማንም አስገድዶት ሳይሆን ሠርቶበት፣ ነግዶበት፣ ዘፍኖበት የራሱ አድርጎታል። በቤቱ ቋንቋ ሁለት መጽሐፍ ቢጨምር ከአማርኛው ምን ይጎድላል? ሻህሪያር ለኮረብታው ሰላምታ ስለ ጻፈ ፋርስኛ አልደኸየችም።

ፍልሰቱም በመርካቶ አልቆመም። ከጉንችሬ ጎረቤት ከሆሳዕና ዙሪያ የተነሡ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚወስደውን አስጨናቂ መንገድ ከያዙ ቆይተዋል። ከጉራጌ ምድርም ወደ ዐረብ አገሮች፣ ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሄደው ጥቂት አይደለም። የመርካቶው አባት ቋንቋውን ለመጣል አንድ ትውልድ ፈጅቶበታል። የእሱ ልጅ በውጭ አገር የሚወልደው ልጅ ጉራጊኛውን ብቻ ሳይሆን አማርኛውንም ለመጣል አንድ ትውልድ አይፈጅበትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ ለሚል ሰው መልሱ በእጅ ያለ ነው። በየዓመቱ በመስከረም፣ መስቀል ሲደርስ ከየአቅጣጫው የሄደው ሁሉ ወደ ጉንችሬና ወደ ዙሪያዋ መንደሮች ይመለሳል። ሙስሊሙም ለዓረፋ እንዲሁ ይመለሳል። ሰንጋው ይታረዳል፤ ክትፎው፣ አይቡ፣ ጎመኑ ይቀርባል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ የታጨ ይዳራል። ቴአትር ቤቶቻችን ተመልካች ጠፋ እያሉ ሲያማርሩ፣ እዚያ በሺህ የሚቆጠር ተመልካች ለቀናት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አዳራሽ የለም እንዳይባል ጀፎረው አለ። በሁለት ረድፍ ቤቶች መካከል የተዘረጋው ያ ሰፊ መስክ ሠርጉንና ለቅሶውን፣ ሸንጎውንና ጨዋታውን ሲያስተናግድ የኖረ ነው፤ ከማንኛውም አዳራሽ የሚበልጥ መድረክ ነው። ከአዲስ አበባ አንድ የተውኔት ቡድን ሄዶ፣ የአገሩን ወጣቶች አሰልጥኖ፣ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ በእኖርኛ ቢያቀርብ አያቲቱ ያለ አስተርጓሚ የምትስቅበት፣ ከተሜው የልጅ ልጅ ደግሞ ምን አለ እያለ የሚጠይቃት አንድ ምሽት ይገኛል። እስከ ዛሬ ሲጠየቅ የኖረው እሷ ናት፤ «አማርኛ አትችዪም?» እየተባለች።

የጉንችሬ መምህራን ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው። ተማሪዎቻቸው ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት፣ እንቆቅልሽና የለቅሶ ግጥም በአዲሶቹ ሆሄያት ጽፈው እንዲያመጡ ማዘዝ በጀት አይጠይቅም። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የተሰበሰበውን መርምሮ ለኅትመት ማብቃት የቋንቋ ምሁራኑ ድርሻ ነው። የኅትመቱ ወጪ ደግሞ መንገድ ላስወጡት ሰዎች ይቅረብ። በሚቀጥለው የልማት ማኅበሩ ጉባኤ፣ ስለ አስፋልቱና ስለ ሕንፃው ተነጋግረው ሲያበቁ፣ ከመዋጮው ዝርዝር ላይ የመጽሐፉ ዋጋም ተጽፎ ይቆያቸው።